ማተም ግድ አይደለም

በነጻነት ሦስተኛ ዓመት፣ በአንድ የጥቅምት ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አስመራ ቢሯችን ውስጥ ያለው ፕሪንተር አንድ ገጽ አወጣ። ገጹ ባዶ ነበር።

የአማርኛ ጋዜጣችን እስከ ስምንት ሰዓት ማተሚያ ቤት መድረስ ነበረበት። ኮምፒዩተሩን ሌላ ክፍል ይፈልገዋል፤ ዛሬ ካልሠራ ቀትር ላይ እንደሚወሰድ አለቃችን ነግሮናል።

ከሁላችን ይበልጥ የጨነቀው ቴክኒሻናችን ነው፤ በረሃ ላይ ሬዲዮ ይጠግን የነበረ ታጋይ። ኮምፒዩተሩ እንዲሰጠን ወራት የተከራከረው እሱ ነው። የግዕዝን ፊደል በስክሪንና በወረቀት ላይ የሚያወጣውን ላይብረሪ የተባለ ፕሮግራም በነጻ፣ ከነምንጭ ኮዱ፣ በሦስት ፍሎፒ ዲስክ ከውጭ አስመጥቶ በዋዜማው ኮምፓይል ያደረገውም፣ ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የለወጠውም፣ እሱ።

ስክሪኑ ላይ ፊደሎቹ አምረው ይታያሉ። ገመዱን ነቅሎ ሰካ። የቀለም ሪባኑን ቀየረ። ሁለተኛውም ገጽ ባዶ ወጣ።

«ማሽኑ ጾም ይዟል እንዴ?» አሉ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡት ጸሐፊያችን፣ ከጽሕፈት መኪናቸው ቀና ብለው።

እኔ ማስታወሻ ደብተሬን ገለጥሁ። «ትናንት ኮምፓይል ስታደርገው ምን ጠየቀህ?»

«ብዙ ነገር። ይህ ይግባ? ያ ይግባ? ኣይፋል፣ ኣይፋል እያልኩ ዐለፍኩ።»

«ለምን?»

«የማትተኩሰውን ጥይት ተሸክመህ ተራራ ትወጣለህ?»

«ስለ ማተምስ ጠይቆህ ነበር?»

«ጠይቋል። ግን አማራጭ ነው ይላል። ግድ አይደለም።»

«አንተ ልጅ፣ ጋዜጣ ቤት ተቀምጠህ ማተም ግድ አይደለም?» አሉ ጸሐፊዋ።

«አደይ፣ እናቴ፣ ስክሪኑ ላይ ይነበባል እኮ!»

«እንግዲያው አንባቢውን እዚህ አሰልፈው።»

የላይብረሪው የማተሚያ ክፍል ያለው ሦስተኛው ፍሎፒ ላይ ነው። ፍሎፒው ላይ «አማራጭ» የሚል ስለተጻፈበት፣ ጎዳይፍ ሰፈር ያለው ቤቱ ትቶት መጥቷል። በብስክሌት ሄዶ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ። አሁን ለቀረበለት ጥያቄ ሁሉ «እወ፣ ይግባ» አለ፤ የሩሲያ ፊደል ይግባ ወይ ሲባል እንኳ። ማሽኑ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አጉረመረመ።

ለስድስት አምስት ጉዳይ ሲሆን አለቃው ሁለት ተሸካሚዎች አስከትሎ ገባ። የመጀመሪያው ገጽ ገና ግማሹ ነበር ከፕሪንተሩ የወጣው። አለቃው ጎንበስ ብሎ አርእስቱን አነበበ፤ ቀጥሎም የመጀመሪያውን አንቀጽ።

«ኮምፒዩተሩ ይቆይ» አለ።

ተሸካሚዎቹ ግን ከማይ ተመናይ ሰፈር ድረስ ጋሪ ይዘን መጥተናል፣ ባዶውን አይመለስም ብለው ቆሙ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ የጸሐፊዋን የጽሕፈት መኪና ጭነው ሄዱ።