ቁልቁለቱን በማርሽ

አጎቴ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭነው ወደ የካ ሲወርዱ፣ መኪናዋ ገና ሳትታይ በሞተሯ ጩኸት እናውቃቸው ነበር። ሌሎቹ ሾፌሮች ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሽ ነቅለው በፎሌ ይለቋታል። እሳቸው ግን ማርያም ደጅ ቆመው ይሳለሙና አንደኛ ማርሽ አስገብተው ሞተሩን እያስጓሩ ይወርዳሉ። «ዳገት መኪናን ይፈትናል፤ ቁልቁለት ግን ሰውን ነው» ይሉ ነበር።

አንድ የራጉኤል ዕለት ከንግሥ ስመለስ አሳፈሩኝ። ባለመኪናውም አብሮን ነበር። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ፣ «በፎሌ ልቀቃት!» አለ።

«ከታች መንገዱን ሕዝብ ሞልቶታል፣ ጌታዬ። በማርሽ ነው የምወርደው።»

«ሾፌር ቢጠፋ ረዳት መች ጠፋ? በግማሽ ደመወዝ ያወርድልኛል!»

አጎቴ ሞተሩን አጥፍተው መጀመሪያ እኔን አወረዱኝ። ከዚያ ጭነቱ ላይ የተቀመጠውን ረዳት ጠርተው ቁልፉን ሰጡት።

«ይኸው ያውርድልዎ። እርስዎ ግን ከጎኑ አይነሱ።»

ባለመኪናው ገደሉን አየ፤ ነጠላ ለብሶ የሚወርደውን ሕዝብ አየ፤ ቁልፉን ይዞ የቆመውን ረዳት አየ።

«ቁልፉን መልስለት» አለ።

አጎቴን ከቀበርን ወዲህ መሪውን የያዘው ያው ረዳት ነው። ደመወዙ ግማሽ ነው፤ የሚወርደውም እንደታዘዘው በፎሌ ነው። ድሮ ጩኸቱን ስንሰማ ልጆቹን ከመንገድ እንጠራ ነበር። አሁን መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ስለምትመጣ፣ ልጆቹን ወደ ደጅ ማስወጣት ትተናል።