ስንዴው ይታጨድና

ሱሉልታ ላይ ጻድቅ ማን ነው ብትሉ ከአስር ሰው ዘጠኙ ዓባይነህ ይላችኋል። አስረኛዋ እኔ ነኝ። ጎረቤቱ ስለነበርኩ ነው እንጂ ምላሴ ስለከፋ አይደለም፤ ምላሴም ከፍቷል።

ግንባሩ ከስግደት ብዛት ጠቁሮ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ አይቀምስም። ቅዳሴ ላይ ከሁሉ ቀድሞ ገብቶ ከሁሉ ኋላ ይወጣል፤ ግን አይቆርብም። «አይገባኝም ብሎ ነው፣ ወይ ትሕትና!» ይሉ ነበር ሴቶቹ። የማይቆርበው ለምን እንደሆነ የሚያውቁት እሱና የንስሐ አባቱ አባ ተድላ ብቻ ነበሩ። እኛ የሰማነው በኋላ ከራሱ አፍ ነው።

ነገሩ የጀመረው በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በሕዳር ሚካኤል ዕለት ነው። ዓባይነህም እንደ ሁላችን በሽታው በጭሱ ይውጣ ብሎ የደጁን ጥራጊ ለኮሰ። ለኩሶ መጠበቅ ሲገባው ማኅበሩን ሊጠጣ ሄደ። ነፋሱ እሳቱን በደረቁ ሣር ላይ እየነዳ የግራዝማች ጌታቸው የድርቆሽ ክምር ድረስ አደረሰው። ግራዝማች የመሬቱ ጌታ ናቸው፣ እኛ ጭሰኞቻቸው። ዓባይነህ ሲመለስ ክምሩ ይነዳል። የእሳቱን መንገድ አይቶ ከደጁ አጠገብ ያለውን አመድ ጠራርጎ ዝም አለ።

ያን ጊዜ ጥፋተኛ የሚወጣው በአውጫጭኝ ነበር። የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ አጥፊው እስኪታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። የሚያውቅ ሰው በተመረጡት ሽማግሌዎች ጆሮ በመሐላ ሹክ ይላል። ጠቋሚው «ወፍ» ይባላል፤ ማንነቱም አይወጣም። ወንዶቹ በዚያ ብርድ ዋሉ፣ አደሩ። አጨዳው ቆመ፣ ከብቱ ጠባቂ አጣ። ያኔ ዓባይነህ ወፍ ሆነ። «ጎበና ነው» አለ።

ኦቦ ጎበና ጎረቤቱ ናቸው፣ ሚስታቸው ሞታባቸው አንዲት ልጃቸውን በቀለችን ብቻቸውን የሚያሳድጉ። በእህሉ ድርሻ ከግራዝማች ጋር ተጨቃጭቀው ስለነበር ስማቸው ሲጠራ የተጠራጠረ አልነበረም። በሬዎቻቸው ለካሳ ተወሰዱ፤ ከመሬቱም ተነቀሉ። ልጃቸውን ይዘው ቡራዩ ወረዱና ድንጋይ ፈላጭ ሆኑ። ማሳቸው ለማን ተሰጠ? ለዓባይነህ።

ዓባይነህ እንቅልፍ አጣና ለአባ ተድላ ተናዘዘ። እሳቸውም ጾምና ስግደት አዘዙት። «ይኼ ላንተ ነው» አሉት። «ለጎበና ደግሞ ስሙን ባጠፋህበት ሰው ፊት ቆመህ እውነቱን ተናገር፤ ማሳውንም ልቀቅ። ያኔ ትቆርባለህ።»

«ስግደቱን ልጨርስ አባ» አለ።

የታዘዘውን ጨረሰ። ከዚያ በራሱ ፈቃድ ጨመረ። ዓመት ባመት ጨመረ። ጉልበቱ እስኪላጥ የሰገደው የጎበናን ማሳ እያረሰ ነው፤ ይኼ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ።

አንድ ክረምት ቡራዩ ሄደ። እንደ ደንቡ አንገቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ከኦቦ ጎበና እግር ሥር ወደቀ፤ የሠራውን ሁሉ ነገራቸው። ሽማግሌው አቧራው ደረታቸውን ጨርሶት ይስሉ ነበር።

«ድንጋይማ እዚህ ሞልቶኛል፣ አውርደው» አሉት። «ይቅር ብዬሃለሁ፣ ዋቃ ያውቃል። ግን ሱሉልታም ሄደህ ንገር። በቀለችን ሊያጭ የመጣ ሁሉ ዘሯን ሊያጣራ እናንተ ዘንድ ይሄዳል፤ የአቃጣይ ልጅ ናት ብላችሁ ትመልሱታላችሁ።»

«እነግራለሁ ኦቦ። አሁን ዘርቻለሁ፤ ስንዴው ይታጨድና።»

ይቅርታውን ይዞ ደስ ብሎት ተመለሰ። ስንዴው ሳያሸት ኦቦ ጎበና ሞቱ።

አስከሬናቸው እናታቸው ወደተቀበሩበት ወደ እኛ ደብር መጣ። የአቃጣይ ቀብር ነውና የወጣው ሰው ጥቂት ነበር። አፈሩ ከመመለሱ በፊት ዓባይነህ ወደ ፊት ወጣና እሳቱንም፣ ወፍ መሆኑንም፣ የአባ ተድላን ትእዛዝም እያለቀሰ ዘረገፈው። እኔ ደነገጥኩ፤ እውነት ለመናገር አከበርኩትም።

ያከበርኩት ለጥቂት ጊዜ ነው። አንዱ ሽማግሌ «ክርስቲያን ማለት ይኼ ነው!» ብለው ጮኹ። ሰዉ እየተጋፋ ትከሻውን ይስም ጀመር። ጉድጓዱ አጠገብ በቀለች ብቻዋን ቀረች። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ እሷው ራሷ ወደ እሱ ሄደች።

«ጋሼ ዓባይነህ፣ አባቴ ይቅር ብሎዎታል፤ እኔም ብያለሁ። ማሳውን መቼ ይለቁልኛል? ለግራዝማች የሚነግሩልኝስ መቼ ነው?»

ዓባይነህ መሬት መሬት አየ።

«ስንዴው ይታጨድና ልጄ» አለ።

ሰዉ እሷን ገላመጣት። ያባቷ አፈር ሳይደርቅ መሬት ትጠይቃለች አሏት። በማግስቱ ወደ ቡራዩ ተመለሰች።

ለፋሲካ ዓባይነህ ነጭ በነጭ ለብሶ ሊቆርብ ተሰለፈ። አባ ተድላ ሥጋ ወደሙን ይዘው አለፉት። ደብሩ በሙሉ ተቆጣ፤ የተቆጣው በአባ ተድላ ነው። ዓባይነህም ወደ ግቢው ወጥቶ እያለቀሰ ይሰግድ ጀመር፤ ሴቶቹም አብረውት አለቀሱ።

ስንዴውማ በጥር ታጭዶ ጎተራው ገብቷል። ሰኔ ሲገባ በሬዎቹን ጠምዶ የጎበናን ማሳ እንደገና ሲያርስ በአጥሬ በኩል አየሁት።