ከፊት የቆመችው ቃል

እርጥብ ቀርከሃ በሸተተኝ ቁጥር፣ የትም ልሁን የት፣ የዳንግላው ሰባተኛ ክፍላችን ትዝ ይለኛል። ግድግዳው በተፈለጠ ቀርከሃ ተሠርቶ በጭቃ የተመረገ ስለነበር፣ ዝናቡ በቅጡ ሳያባራ ትምህርት ስንጀምር፣ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ያ ሽታ ከአፍንጫችን አይጠፋም ነበር። ዘመኑ ሃምሳዎቹ ሊገባደዱ ሲሉ ነው። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩን ከህንድ አገር የመጡ፣ ቀጭን፣ ቁጣ የማያውቁ ሰው ነበሩ፤ ተውሳከ ግሥ የሚባለውን ነገር ያስተዋወቁንም እሳቸው ናቸው።

በ«ሊ» የሚያልቅ ቃል ስናይ፣ ግሡ እንዴት እንደተፈጸመ የሚነግረን መሆኑን አስረዱን፤ እኛ ተማሪዎች ደግሞ ለራሳችን የምትመች ዘዴ አወጣን። የቃሉን ጭራ፣ «ሊ»ን፣ ቆርጠን ጥለን በአማርኛው ራስ ላይ «በ»ን እንሰካለን። ስሎውሊ፣ በቀስታ። ኩዊክሊ፣ በፍጥነት። ሳይለንትሊ፣ በዝምታ። ዘዴዋ በፈተና ላይ አንድ ቀን እንኳ አሳፍራን አታውቅም ነበር፤ እኔም በእንግሊዝኛ አንደኛ ስለምወጣ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤ ትንሽ አብጦ ነበር።

ቤታችን ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ይርቃል። አባባ አማርኛውንም አገውኛውንም እኩል ይናገር ነበር፤ እማዬ ግን ከአገውኛ ውጭ እምብዛም አትወጣም፤ በአገውኛዋም «እግዜር ካለ» ሳትል ወሬ አትጀምርም ነበር። ነገ ውሃ ልትቀዳም ቢሆን፣ ድንች ልትቆፍርም ቢሆን፣ መጀመሪያ እሷን ቃል ታስቀድማለች። እኔ ግን የተማርሁ ነኝና፣ ይህን እንደ ትርፍ ነገር ቆጥሬ በልቤ እስቅባት ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ከመግባቴ በፊት በነበረው ክረምት ታላቅ እህቴ እናኑ ጭቃ አንሸራትቷት ወድቃ እግሯ ከጭኗ ተሰበረ። ወጌሻ መጥቶ ቢያሽላትም አጥንቱ ተጣሞ ገጠመና፣ መስከረም ጠብቶ ሰው ሁሉ ወደ እርሻው ሲወጣ እሷ ከመደብ መነሣት አቃታት። እናኑ ለቆሰበር ሰዎች ታጭታ ነበር፤ ሠርጉም ለጥር ታስቦ ነበር። የአማቶቿ ሽማግሎች አንድ ሁለት ጊዜ ለጥየቃ ብለው መጥተው፣ ዓይናቸውን ከእግሯ ሳይነቅሉ ጠላቸውን ጠጥተው ሄዱ። አባባ ነገሩ ስለገባው፣ ጥቅምት ላይ ከአጎቴ ጋር በአውቶቡስ አሳፍሮ፣ አሜሪካዊ ሐኪም ወዳለበት የአዲስ አበባ ሆስፒታል ላካት። ሠርጉም እስክትድን ድረስ እንዲቆይ ሽማግሎቹን ለመነ፤ እነሱም የቁርጡን ቀን ንገረን ብለውት ነበር።

ዳጉሳው ታጭዶ፣ ገብሱ ተወቅቶ፣ ጥምቀት አለፈ። የእናኑ ሥራ ለእኔ ተርፎ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከብት አልብ፣ በረት እጠርግ ነበር። ሰው ሁሉ ስለ እሷ ማሰቡን ሳይተው ስሟን መጥራት አቁሞ ነበር።

ጾሙ ሲጋመስ ከሐኪሙ ደብዳቤ መጣ። አባባ ከፖስታ ቤት ተቀብሎ ሳይከፍት በጋቢው ጠቅልሎ አመጣውና፣ ጎረቤቶች ተሰብስበው ሳለ ለእኔ ሰጠኝ። አጭር ነበር፤ አብዛኛው ስለ ቀዶ ጥገናው ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ «ሆፕፉሊ» የምትል ቃል ከፊት ቆማ፣ ከኋላዋ ነጠላ ሠረዝ ተደርጎባት፣ ቀጥሎ «እስከ ፋሲካ በእግሯ ትሄዳለች» የሚል አለ። ቃሏ ከግሡ ርቃ ብቻዋን ከፊት መቆሟ ግር አለኝ። ግን ደግሞ «ሊ» አለቻት። ጭራዋን ስቆርጥ የቀረችው «ሆፕፉል»፣ ተስፋ የሞላበት ማለት ናትና፣ «በሙሉ ተስፋ፣ እስከ ፋሲካ በእግሯ ትሄዳለች!» ብዬ በድምፅ አነበብሁ። እህቴ በተስፋ ተሞልታ ስትራመድ በዓይነ ልቡናዬ ታየችኝ።

አባባ ያነበብሁትን ወደ አገውኛ መልሶ ለእማዬ ነገራት። እሷ ግን ደስ ከማለት ይልቅ ፊቷ ተለወጠና አንድ ነገር ጠየቀችው።

«እግዜር ካለ አላለም ወይ፣ ትላለች እናትሽ» አለኝ አባባ።

ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አየሁት። የእግዚአብሔር ስም የለበትም።

«አላለም አባባ፤ ፈረንጅ እንዲህ አይልም» አልሁ።

እማዬ ራሷን ነቀነቀች። አባባ ግን በማግሥቱ በቅሎውን ጭኖ ቆሰበር ድረስ ሄዶ፣ ሐኪሙ ቃሉን ሰጥቷልና ልጄ በእግሯ ትመጣለች ብሎ፣ ሠርጉን ለዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ቆርጦ ተመለሰ። ሽማግሎቹም በእሱ ቃል አምነው ተስማሙ፤ አባባ በአካባቢው ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ነበርና።

በሰሙነ ሕማማት አጎቴ ሊያመጣት ሄደ። አውቶቡሱ ዳንግላ ሲደርስ፣ ከአማቶቿ ወገን ሁለት ሰዎች ከእኛ ጋር ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሰው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ መጀመሪያ ሁለት ምርኩዝ ወጣ፤ ከዚያ እናኑ። አንደኛው እግሯ መሬት አይነካም ነበር። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩና፣ ሰላምታ ሰጥተዋት፣ «ቸር ሰንብቱ» ብለው ሄዱ። አባባ በእግሯ ትሄዳለች ብሎ በቅሎውን እቤት ትቶ መጥቶ ስለነበር፣ ከገበያ ሰዎች ቃሬዛ ለምኖ እናኑን አሸክሞ አስገባት። ፋሲካ ሳያልፍ የጋብቻው ውል ፈረሰ። ቆሰበር ላይ የአባባ ስም ሽባ ልጁን ሸፍኖ ሊድር የነበረ ሰው ተብሎ ተነሣ፤ እሱም ከዚያ በኋላ ቆሰበር ገበያ መውጣት ተወ። እኔን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀኝም። የሚረግመው ሐኪሙን ነበር፤ ቃለ አባይ ነው ይለው ነበር።

ክረምቱ አልፎ ስምንተኛ ክፍል ስገባ ደብዳቤውን ከቤት ደብቄ ወስጄ ለአስተማሪያችን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና፣ ሰዎች በተራ ንግግራቸው እንዲህ ያሉትን ቃላት ከዐረፍተ ነገሩ ፊት እንደሚያቆሟቸው፣ ያን ጊዜ ቃሉ ስለ ግሡ ሳይሆን ስለ ተናጋሪው ልብ እንደሚናገር ቀስ ብለው አስረዱኝ። ተስፋው የሐኪሙ እንጂ የእህትሽ አይደለም፤ እንዲያው ቢሆንልን ማለቱ ነው አሉኝ። ከዚያም እናንተ አገር ሰው እንዲህ ለማለት ሲፈልግ ምን ብሎ ይጀምራል ብለው ጠየቁኝ። የእማዬ ቃል ምላሴ ላይ መጥታ ሳለ፣ አላውቅም አልኋቸው። ለካ ሐኪሙ በራሱ ቋንቋ ብሎት ነበር። እማዬ የጠየቀችውን ራሱን ነበር ያለው። ይህን ባወቅሁበት ሰዓት ያደረብኝ እፍረት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ቢሆንም ቤት ገብቼ አልተናገርሁም። አባባም እማዬም ሳይሰሙት አለፉ።

እናኑ በአንድ ምርኩዝ መሄድ ከቻለች በኋላ ዳንግላ ገብታ፣ በደህናው እግሯ የስፌት መኪና እየረገጠች ኖረች። ባል አላገባችም። እኔ መምህርት ሆኜ እንግሊዝኛ ሳስተምር ሠላሳ ዓመት ቆይቼ ጡረታ ወጣሁ። አሁን የዘመኑ ልጆች በአማርኛው መሐል ሳይቀር «ሆፕፉሊ» ብለው ጀምረው እንመጣለን ይላሉ፤ ቢቀሩም ማንም አይቀየማቸውም። ዛሬ የወንድማችን ልጅ በስልክ እንዲህ ሲል እናኑ ሰምታ፣ «ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ ነገርኋት። ደብዳቤውን፣ ጭራ መቁረጤን፣ ሁሉንም።

እሷ የያዘችውን ጨርቅ መዘምዘም ሳታቆም፣ «አውቃለሁ» አለችኝ። «የሆስፒታሉ አስተርጓሚ ላይሆንም ይችላል ብሎ ነግሮኝ ነበር። አባባ፣ ሐኪሙ ቃሉን ሰጥቶ ከዳን ሲል ብሰማ ጊዜ፣ ደብዳቤውን ያነበበው ማን ነው ብዬ እማዬን ጠየቅኋት።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አይ አንች! አባባ ከትምህርት ቤት ያስወጣሽ ነበራ።»

ያኔ በልጅነቴ፣ ሰው ጠይቆኝ ሳይጨርስ ፈጥኜ እመልስ ነበር። አሁን ግን ከእህቴ ፊት ተቀምጬ፣ በየትኛው ቃል እንደምጀምር ጠፍቶኝ፣ መርፌዋ ወጥታ ስትገባ አያለሁ።