የኑግ ዘይት የጠጣ በርጩማ

ሊይዙኝ የመጡ ቀን እጄ በኮላ ተለውሶ ነበር። ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር አጠገብ በነበረችው የአናጢ ቤቴ የአልጋ ራስጌ እያጣበቅሁ ሳለ ታጣቂዎች ገቡ። አንደኛው "ና፣ ለጥያቄ ትፈለጋለህ" አለኝ። እጄን ልታጠብ ብዬ ለመንኩት። "እዚያ ትታጠባለህ" አለ። እዚያ ውሃ አልነበረም። ኮላው ጣቶቼ ላይ ደርቆ በጥርሴ እየላጥኩ አወጣሁት።

ጊዜው ጋምቤላ ገና ክልል የተባለችበት ነበር። ቢሮ ይከፈታል፣ ማኅተም ይቀረጻል፣ ለቢሮው ጠረጴዛና ወንበር ይፈለጋል፤ ለኔ ቢጤ አናጢ ደህና ዘመን ነበር። ጥርጣሬውም ግን የዚያኑ ያህል ነበር። ደገኛው አኙዋውን ያያል፣ አኙዋው ኑዌሩን ያያል፣ ታጣቂው ሁሉንም ያያል። እኔ አባቴ በድርቁ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ ያመጣኝ፣ አቦቦ አካባቢ ያደግሁ ነኝ። መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰፋሪ ወደ አገሩ ተመለሰ። አባቴ ግን "በቆሎዬን ለማን ጥዬ?" ብሎ እዚያው ቀረ፤ እኔ ከተማ ወጥቼ መጋዝና መላጊያ ያዝኩ።

ያስገቡኝ ቀድሞ የእህል መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ከፍ ብላ አንዲት ባለ ፍርግርግ መስኮት አለች። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ የነቀዘ ማሽላ፣ ላብ፣ የሽንት ባልዲ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ ሥር ቆምኩ። መሬት ላይ የተኮለኮሉ ሰዎች ታዩኝ። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ሽማግሌ በርጩማ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

አወቅኋቸው። ከባሮ ማዶ የሚኖሩ አኙዋ ናቸው፤ በታንኳ ወንዙን እየተሻገሩ ግንድ ያመጡልኛል።

"አንተም መጣህ?" አሉኝ።

"መጣሁ አባቴ።"

"ያ የመጨረሻው ግንድ፣ ተሰነጠቀ?"

"አልተሰነጠቀም። ጥላ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት።"

"ጥሩ" አሉና በርጩማውን ጠጋ አድርገው መሬት ላይ ቦታ ሰጡኝ።

ነገሩ የገባኝ ውሎ አድሮ ነው። አንድ ሰው ጠቁሟል፤ ሽማግሌው በግንድ ሥር መሣሪያ ደብቀው ያሻግራሉ፣ እኔ ደግሞ ረጃጅም ሣጥን እየሠራሁ እደብቃለሁ ብሏል። ሣጥኖቹ ለአዲሶቹ ቢሮዎች የተሠሩ የፋይል ሣጥኖች ነበሩ። ይህን ብናገርም የሚሰማኝ አልነበረም።

በርጩማው እንዴት እንደገባ ጠየቅኋቸው። ሲያዙም ከእጃቸው አልለዩትም፤ በር ላይ ቀበቶና የእጅ አምባር ሲወስዱባቸው በርጩማውንም ወስደው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ጥለውት ነበር። በኋላ አንድ ጠባቂ "እንጨት ነው፣ ምን ያደርጋል" ብሎ መለሰላቸው። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር፣ መቀመጫው በዘመን ብዛት የጠቆረ ነው። አባታቸው ናቸው የጠረቡት። ቀን ይቀመጡበታል፣ ማታ ይንተራሱታል። ፀሐይ ላይ በሰነበተባቸው ቀናት ግን ከመቀመጫው ጠርዝ ስንጥቅ ተነሥቶ ወደ መሀል መሄድ ጀምሯል። በየጠዋቱ ጥፍራቸውን ያስገቡበትና ያሳዩኛል።

"እየሄደ ነው" ይላሉ። "እግሩ ጋ ከደረሰ፣ አለቀ።"

በጋ ነበር። የጋምቤላን በጋ ለማያውቅ መንገሩ ይቸግራል። ቆርቆሮው ከረፋድ ጀምሮ ይንጣጣል፣ አየሩ አይንቀሳቀስም፣ እንጨት ቀርቶ ከንፈራችን ይሰነጠቅ ነበር።

ባለቤቴ ስንቅ ስታመጣ የኑግ ዘይት በጠርሙስ እንድትጨምር ላክሁባት። እናቴ አዲስ ገበቴ ስትገዛ የኑግ ዘይት አጠጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር፤ የእሷ ገበቴ ሲሰነጠቅ አላየሁም። ጠባቂው ጠርሙሱን ከፍቶ አሸተተ፣ በጣቱ ቀመሰ።

"ምንድን ነው፣ ወጥ ልትሠራ ነው?"

"በርጩማ ልቀባበት ነው።"

ትንሽ አየኝና "እናንተ እዚህም ሆናችሁ የምትሠሩት አታጡም" ብሎ ሰጠኝ።

ሽማግሌው ግን በዘይቴ አልተስማሙም። ልጃቸው በቅል የምታመጣላቸው ቅባት ነበራቸው። ከዱር ዛፍ ፍሬ ተፈልቶ የሚወጣ ነው፤ ቀዝቀዝ ሲል እንደ ቅቤ ይረጋል። ሰውነታቸውንም በሱ ነው የሚቀቡት።

"ይህ ይሻላል" አሉ። "የኛ እንጨት የኛን ዘይት ያውቃል።"

"አባቴ፣ ያ አይደርቅም። አቧራ ይይዛል። ኑግ ግን እየቆየ ይደርቃል፣ ቆዳ ያበጃል።"

"ቆዳ ምን ያደርግለታል? የጠማው ውሃ ነው።"

ቀኑን ሙሉ ተከራከርን። ከሌሎቹ እስረኞች ግማሹ ለሳቸው፣ ግማሹ ለኔ ፈረደ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ስለ ክሱ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲከራከር ያየሁት ያን ቀን ነው። በመጨረሻ ታረቅን። ስንጥቁ ውስጥ የሳቸው ቅባት ይገባል፣ ላዩን የኔ ኑግ ይቀባል።

ማለስለሻ ወረቀት አልነበረንም። ሽማግሌው ወደ ሽንት ቤት ሲወጡ ከግቢው ዛፍ ቅጠል ቆርጠው መጡ፤ እንደ ድመት ምላስ የሚሻክር ነው። በሱ አሸነው። ከመስኮቷ የምትገባ አንዲት የፀሐይ ቁራጭ ነበረች። ጠዋት ግድግዳው ላይ ትወርድና እያዘገመች ወለሉን ታቋርጣለች። ዘይቱ እንዲሞቅና ወደ ውስጥ እንዲገባ በርጩማውን ከሷ ጋር እናስኬደው ነበር። ያቺ ብርሃን የምታርፍበት ቦታ የተቀመጠ ሰው ሳይጠየቅ ይነሣል። ትንሽ ዘይት፣ በመዳፍ ማሸት፣ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ፣ መተው። በማግስቱ እንደገና። እየዋለ ሲያድር ከጥቁረቱ ሥር ቀይ መልክ ወጣ፤ የእንጨቱ መስመሮች እንደ ውሃ ሞገድ ታዩ። ሽማግሌው መስመሮቹን በጣታቸው ተከተሉ። "አባቴ ሲጠርበው እንዲህ ነበር" አሉ።

በዚያው ሰሞን ጠሩኝ። ኃላፊው ከጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ ነበር፤ ጠረጴዛው የኔ ሥራ ነው፣ እሱ ግን አላወቀም። ድምፁን አላነሣም።

"ሚስትህ ልትወልድ ደርሳለች" አለኝ። "ሽማግሌው በግንድ ሥር መሣሪያ አመጣልኝ በልና ቤትህ ግባ። አንተ ደገኛ ነህ፣ ለሱ ምን አስጨነቀህ?"

"እንጨት ነው ያመጡልኝ።"

"እሱኮ ስላንተ ተናግሯል።"

መልሴን አልጠበቀም። "ነገ ፊት ለፊት አገናኛችኋለሁ። እስከዚያ አስብበት" ብሎ አስወጣኝ።

ተመልሼ ስገባ ክፍሉ ሁሉ አየኝ። ሽማግሌው ግን ምን አልክ ብለው አልጠየቁኝም። በርጩማውን በጨርቅ ወልወል አደረጉና ወደኔ ገፉት።

"ተቀመጥ፤ ደክሞሃል" አሉኝ።

ከሳቸው በቀር ማንም ተቀምጦበት አያውቅም ነበር። ተቀመጥኩ። ስለ ባለቤቴ አሰብኩ። ኃላፊው እውነቱን ይሆን? ተናግረውብኝ ይሆን? ብዬም አሰብኩ። ቀና ስል ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀምጠው፣ በቅሉ ተረፍ ባለችው ቅባት የተሰነጠቀ ተረከዛቸውን እያሹ ነበር። ጥርጣሬው እዚያው ከውስጤ ጠፋ።

በማግስቱ ሁለታችንንም ጠሩን። ስንወጣ በርጩማውን አንሥቼ ያዝኩ። ጠባቂው "አስቀምጠው" አለኝ። "የሽማግሌው ነው" አልኩትና ይዤው ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ ከኃላፊው ወንበር ሌላ መቀመጫ አልነበረም።

"ቁጭ በል" አላቸው ሽማግሌውን፣ በእጁ ወለሉን እያሳየ።

ጎንበስ ሊሉ ሲጀምሩ በርጩማውን ከሥራቸው አደረግሁ። "እዚህ ላይ ይቀመጡ አባቴ" አልኩ። ሽማግሌው ነጠላ ጨርቃቸውን ሰብስበው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ኃላፊው ተራ በተራ አየን።

"ይህ ሰው ምንህ ነው?" አላቸው በመጨረሻ።

"አናጢ ነው። እኔ ግንድ አመጣለሁ፣ እሱ ሣጥን ይሠራል። ጥሩ ነው የሚሠራው። ፊትህ ያለው ጠረጴዛም የሱ ሥራ ነው፤ እንጨቱን እኔ ነኝ ያመጣሁት።"

ኃላፊው ሳያስበው እጁን ከጠረጴዛው አነሣ። ወደኔ ዞረ።

"አንተስ?"

"እንደነገርኩህ ነው። እንጨት ነው ያመጡልኝ።"

አስወጡን። ስንመለስ በርጩማውን እሳቸው ያዙት፤ አንድ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ነበር።

አልፈቱንም። ልጄ ተወለደች፣ ወሬውን ከስንቅ ጋር ሰማሁ። ሽማግሌው ያን ዕለት የቀረቻቸውን ቅባት በላስቲክ ቋጥረው ለአራስ ቤት ላኩ። ዝናቡ ከገባ በኋላ እሳቸውን ለቀቋቸው፤ ለምን እንዳሰሯቸውም ለምን እንደለቀቋቸውም የነገራቸው የለም። በርጩማቸውን በብብታቸው ሸጉጠው ሁላችንንም እየዞሩ በእጅ ተሰናበቱ። እኔ ስወጣ ልጄ ጥርስ አውጥታ ነበር። ስታየኝ አለቀሰች።

በኋላ ወንዙን ተሻግሬ ሄጄ ጠይቄአቸዋለሁ። ማንጎ ዛፍ ሥር በርጩማው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስንጥቁ አልገጠመም፤ ዘይት የተሰነጠቀን አይደፍንም። ግን ከነበረበት አልፎ አልሄደም። "የኔ ቅባት ነው ያዳነው" አሉኝ። "ኑጉ ነው" አልኳቸው። እስኪሞቱ ድረስ በዚህ አልተስማማንም።

አሁንም አናጢ ነኝ። ደንበኛ ቫርኒሽ ይወዳል፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ያብረቀርቃል፣ እኔም ለደንበኛ እሱኑ እቀባለሁ። ለራሴ ቤት የሠራሁትን ግን ኑግ አጠጣለሁ፣ በመዳፌም አሻለሁ። ልጄ "አባዬ፣ ይኼ መቼ ሊያልቅ ነው?" ትለኛለች። እስር ቤቱን አልናፍቀውም፤ ማንም አይናፍቀው። ግን አንድን ዕቃ ሳልቸኩል፣ በልኩ፣ እስከ መጨረሻው የሠራሁት እዚያ ብቻ ነው። እንደ ሽማግሌውም እየተከራከረ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።