እናቴ ያልቆረበችበት እሑድ

የቤተ ክርስቲያን ሰዎች "ወፈርሽ፣ አሜሪካ ተስማማሽ" ሲሏት እናቴ ትስቅ ነበር። ፊቷን ያሳበጠው ግን ከአንጎል ሥር፣ አተር በምታህል ፒቱታሪ በምትባል ዕጢ ላይ የበቀለ እብጠት ነበር። በአፍንጫዋ በኩል ገብተው ሲያወጡላት ሐኪሙ "ካንሰር አይደለም" አለን። አክስቴ እዚያው ኮሪደሩ ላይ እልል አለች።

እብጠቱ ተመልሶ መጣ። እንደገና ወጣ፣ በጨረር ተመታ፣ እንደገና መጣ። ባለፈው ክረምት አከርካሪዋ ላይ ሲገኝ ሐኪሙ ካንሰር ሆኗል አለን። እንዲህ መለወጡ በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው። ወደ አንጎል ደም የሚወስደውን ትልቁን የደም ሥርም ከቦታል። "አፍንጫዋ ከደማ፣ ጠብታም ብትሆን፣ ወዲያው ኢመርጀንሲ አምጫት" አለኝ።

እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ የፈለገችው መቁረብ ብቻ ነበር። ቀኖናዋን ስትጨርስ የንስሐ አባቷ እሑድ ቀጠሯት።

በዚያ ጠዋት በክሊቭላንድ አቬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየነዳሁ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ስትይዝ አየሁ።

"ደም ነው፣ እማዬ?"

"ትንሽ ናት፣ ንጂ። ደም የፈሰሰው አይቆርብም፤ ለዛሬ ቀረብኝ። ደጅ ቆሜ ላስቀድስና ከዚያ ትወስጂኛለሽ።"

መኪናዋን ወደ ሆስፒታሉ አዞርኳት።

"ሰው ሰላም ለማለት የምታፍሪው ልጅ፣ በእኔ ላይ ወንድ ወጣሽ?"

እስክንደርስ አኮረፈችኝ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ድምጿ ለነርሷ ስሟን ስትናገር ብቻ ነው።

እብጠቱ የደም ሥሩን ግድግዳ በልቶት ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ሐኪሞቹ የደም ሥሩን ከውስጥ ደፈኑት። ነፍሷ ተረፈች፤ ነገር ግን ደም ያጠረው የአንጎሏ ክፍል ተጎዳ። ቀኝ እጇ አልታዘዝ አለ፣ አንደበቷ ተያዘ፣ መዋጥም አቃታት።

በሳምንቱ የንስሐ አባቷ መጡ። "ደሙ ከቆመ የሚከለክላት የለም፤ ሥጋ ወደሙን እዚሁ ማምጣት ይቻል እንደሆነ እጠይቃለሁ" አሉኝ። ጠብታ ውኃ እንኳ ወደ ሳንባዋ እንደሚሄድባት አንገቴን ደፍቼ ነገርኳቸው። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው ሊያሳልሟት ጎንበስ አሉ።

እናቴ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፈተች። እንደሚቆርብ ሰው ጠበቀች።

እሳቸው ወደ እኔ አዩ። አገጯን በእጄ ደግፌ ቀስ ብዬ አፏን ዘጋሁላት።