የካቲት ላይ የታሰረ ረመዳን

ክልሉ ገና በተቋቋመበት ጊዜ፣ አሶሳ ውስጥ የአንድ የትምህርት መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ማኅደር ያዥ ነበርሁ። ከመሀል አገር ተመድቤ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የብዙ የበርታ ብሔረሰብ ሠራተኞች የልደት ዘመን በአባቶቻቸው እጅ በሂጅራ፣ በእስልምናው የጨረቃ አቆጣጠር፣ የተጻፈ ስለ ነበር፣ ወደ እኛ አቆጣጠር መመለሱ በእኔ ላይ ወደቀ። ዘዴዬ ቀላል ነበር፦ የያኔውን ዓመተ ሂጅራ ከያኔው ዓመተ ምሕረት ቀነስሁ፤ ያገኘሁትን ልዩነት በእያንዳንዱ ልደት ላይ ደመርሁ። የሂጅራውንም ወር በዚያ ዓመት በገጠመው በእኛ ወር ላይ አዋልሁት።

አንድ ጠዋት የጡረታ ደብዳቤ የደረሳቸው አንጋፋ መምህር ገቡ። ደብዳቤው በዚያው የካቲት ሃምሳ አምስት ዓመት ስለሚሞላቸው ማስተማር እንዲያቆሙ ያዝዛል።

«ወንድሜ፣ እኔ በረመዳን ነው የተወለድሁት። እናቴ ግን ያን ቀን ወንዙ ሞልቶ አዋላጅዋ መሻገር አቃታት ትላለች። በየካቲት ወንዝ ይሞላል?»

«ዘንድሮ ረመዳን የካቲት ላይ ነው፣ መምህር።»

ሳቁ። «ረመዳን እንግዳ ነው፤ በየወሩ እየዞረ ያድራል። አንተ የካቲት ላይ አሰርኸው።»

እኔ አልሳቅሁም። የጨረቃ ዓመት ከእኛው በአሥራ አንድ ቀን ገደማ እንደሚያንስ በተማሪነቴ አንብቤአለሁ፤ ስሌቱን ስሠራ ግን አላሰብሁትም። ሂሳቡን እፊታቸው እንደገና ሠራሁት፤ ልደታቸው ወንዝ ገና ሞልቶ በሚፈስበት በመስከረም ላይ ዋለ። በየዓመቱ የሚጎድለው ቀን ሲደመር፣ ሃምሳ አምስት ለመሙላት ገና ከአንድ ዓመት ተመንፈቅ በላይ ይቀራቸዋል።

«ነገ ይምጡ» አልኋቸው። ሲወጡ የመጣብኝ ግን ሌላ ሐሳብ ነበር፦ በዚሁ ስሌት አራት ሰዎች ጊዜያቸው ሳይደርስ በጡረታ ተሰናብተዋል።

ለአለቃዬ የመምህሩን ነገር ነገርሁት። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየና፣ «የእሳቸውን አርመህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» አለ። በሩ ጋ ስደርስ ጠራኝ። «ሌላ አለ እንዴ?»

«አራት።»

«የሄዱት ሄደዋል። ማኅደራቸው ቢከፈት መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ይመስልሃል?»

በሩን ዘግቼ ወጣሁ። መምህሩ በማግሥቱ ጡረታቸውን የሚሽረውን ደብዳቤ አይተው እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡና መረቁኝ። ከአጥሩ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ በመስኮት አየኋቸው። ከዚያ የአራቱን ማኅደሮች አወጣሁ፤ ትክክለኛውን ዓመት በእርሳስ በየሽፋናቸው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፍሁ፤ መልሼ በሲባጎ አሰርኋቸውና ከመደርደሪያው በላይኛው እርከን፣ እጅ በማይደርስበት፣ አስቀመጥኋቸው። እስከ ዛሬ ከአለቃዬ በቀር ለማንም አልተናገርሁም።