ሲያዩኝ ይመለሳል

ስሙኝማ። የያዛችሁትን ገንፎ አስቀምጡና ስሙኝ፤ ከዚያ በኋላ ምላሴን መርገም ትችላላችሁ።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ተገላገለች። እልልታው ሲሰማ እኔም ደስ አለኝ፤ ጋቢዬን ደርቤ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ልል ሄድኩ። ገንፎ ቀረበ። ትኩስ ነው፣ መሀሉ ላይ ቅቤው ቀልጦ ኩሬ ሠርቷል፣ ሽታው ብቻ ያጠግባል። ገና ቆረስ አድርጌ ወደ አፌ ሳልወስድ እትዬ አስካለ ከመደቡ ላይ ተጣሩ። እኚህ ሴትዮ የዳኛው ሚስት ናቸው፤ እናቴ እሳቸውን ሳታማክር ዶሮ እንኳ አታሳርድም።

«አንተ ልጅ፣ ያቺ ሚስትህ ዳምቦያ ተቀምጣ የምትወልደው እስከ መቼ ነው? እዚህ ሆሳዕና የሚያዋልዳት ሰው ጠፋ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ እጄን ታጥቤ ወጣሁ። መልስ አጥቼ አይደለም፤ መልሱ ግን አራስ ቤት የሚነገር አይደለም። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሰው ጠፍቶ አይደለም እትዬ። ሰው በዝቶ ነው።

ያኔ ጢሜ ገና ማቆጥቆጥ የጀመረ ሰሞን ነው። ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ጋ ስደርስ ከየኔታ ጋር ተጣልቼ ወጣሁና ጨውና አቡጀዲ በበቅሎ እየጫንኩ አንጋጫ፣ ዳምቦያ መመላለስ ያዝኩ። አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ነው። አያቶቼ ከሰሜን መጥተው እዚህ የተተከሉ ናቸው፤ አባቴም ልጁ እንደሱ ብዕር እንዲይዝለት ነበር ምኞቱ። «አንተን ላስተምር ብዬ ምላስህን ብቻ አስተማርኩት» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ምላሴ ግን ቢያንስ ሚስት አገኘልኝ።

ዳምቦያ ገበያ ላይ ቅቤ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ተቀምጣ ነበር። ዋጋ ስከራከራት ጎኗ ላለችው ልጅ በከምባትኛ «ይሄ ሰውዬ አፉ ነው እንጂ ኪሱ አይከፈትም» አለቻት። እኔ ደግሞ ከምባትኛ በገበያ ያደግኩበት ቋንቋ ነው። በዚያው በቋንቋዋ «አፌም ቢሆን ቅቤ ሲቀምስ ይዘጋል» አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ሳቀች። ሽማግሌ ተላከ፣ እህልም ከብትም ተባለ፣ በመጨረሻ አባቷ እሺ አለ፣ ወደ ሆሳዕና ይዣት መጣሁ። እናቴ ክርስትና አስነሳቻትና ወለተ ማርያም ተባለች። እኔ በቤቷ ስም ነው የምጠራት። እሱን ለእናንተ አልነግራችሁም፤ የኔና የሷ ነው።

በከምባታ ወግ ምራት ባማቷ ፊት ድምፅ አታሰማም። ስሟን አትጠራም፣ እሷ እያየች አትበላም፣ ጀርባዋንም አትሰጣትም። ክብር ነው። እናቴ ግን ይሄን ሁሉ ኩራት ነው ብላ ቆጠረችው። «ይቺ ልጅ ትንቀኛለች፤ ስጠራት አንገቷን ደፍታ ዝም» ትለኛለች። ብነግራት፣ ብነግራት አልገባትም። ሚስቴ እንግዲህ በዚያ በሰው የተሞላ ግቢ ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ከመንገድ ስመለስ ሳምንቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን ወሬ እንደ ሞላ ገንቦ ነበር የምትደፋብኝ። ስለ ዶሮዋ፣ ስለ ጎመኑ፣ በሰፈሩ ስላለፈች አንዲት የአገሯ ሰው። እኔ በሌለሁበት ከማን ጋር ታወራ እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

ሆዷ ሲገፋ «እናቴ ቤት ልሂድ» አለችኝ። ይሄ እኮ የከምባታ ወግ ብቻ አይደለም፤ በኛም በሰሜኖቹ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው! አባቴን ብጠይቀው «የኔ የልጅ ልጅ እንሰት ውስጥ ነው የሚወለደው?» አለ። አለቀ። እናቷ ትምጣ ተባለ። ያቺ ምስኪን ሴትዮ በዚያ በሐምሌ ጭቃ ቡላና ቅቤ በጀርባዋ አዝላ፣ ኮባ ቅጠል እንደ ጥላ ደፍታ መጣች። የት አሳረፏት? ማድ ቤት። ከገረዶቹ ጋር። እንግዳ ቤቱ ውስጥ ምን ነበር ብትሉ፣ የአባቴ ኮርቻ።

አሁን አልጋው ይመጣል። አባቴ ከአዲስ አበባ በሸክም ያስመጣው የብረት አልጋ ነበረው፤ ማንም አይተኛበትም፣ እንግዳ ያየዋል እንጂ። እትዬ አስካለ ደግሞ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወልደው የመጡ ሰሞን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላቸውም። «እዚያ እንደ ድሮው በጉልበት መንበርከክ የለም። አልጋ ላይ በጀርባ ጋደም ነው። ሥልጣኔ ነው!» ይላሉ። እናቴ አፏን ከፍታ ትሰማለች። ይቺው እናቴ እኔን ተንበርክካ፣ ገመድ ይዛ እንደወለደችኝ ራሷ ናት የነገረችኝ።

ምጡ በማለዳ መጣ፤ ዝናቡም ከምጡ ጋር። አዋላጅ ይጠራ ሲባል እትዬ አስካለ «እኔ አለሁ አይደል!» አሉ። ሚስቴን አልጋው ላይ በጀርባዋ አስተኟት። የሹማምንቱ ሚስቶች ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና እንደ ሠርግ ቤት በግድግዳው ዙሪያ ተደረደሩ። የዳምቦያዋ እናቷ ልትገባ ስትል «ገንፎው ይሠራ፣ አንቺ እዚያው ሁኚ» ተባለች። እኔ ወንድ ነኝና ወጣሁ።

ከቤቱ ጀርባ፣ ከጣራው ሥር ቁጢጥ አልኩ። አልጋው የተጠጋበት ግድግዳ ምርጊቱ ረግፎ ነበር፤ ትንፋሿ ይሰማኛል። ውስጥ ሴቶቹ ስለ በርበሬ ዋጋ ይጫወታሉ። ቀስ ብዬ በከምባትኛ «እዚህ ነኝ» አልኳት።

«ውጡ በላቸው» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ያዩኛል።»

«ሊረዱሽ ነው እኮ።»

«አይረዱኝም። ያዩኛል። ምሰሶውን ይዤ መንበርከክ ነው የምፈልገው። እናቴ ከኋላ ትያዘኝ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ባማቴ ፊት? እሷ እያየች ጀርባዬን ልስጥ? ልጩህ?» ደግሞ ምጡ ያዛት፤ ጥርሷ ሲፋጭ ይሰማኛል። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ሲያዩኝ ይመለሳል። ልጁ ይመጣ ይመጣና፣ እነሱ ቀና ብለው ሲያዩኝ ይመለሳል።»

ተነስቼ በበሩ ገባሁ። ውስጥ ጩኸት ሆነ፤ እሳት የተነሳ ነው የሚመስለው።

«እንዴ! ወንድ ልጅ ምጥ ቤት!»

«ተንበርክካ ነው መውለድ የምትፈልገው» አልኩ። «እናቷን ጥሩላት፤ እናንተ ውጡ።»

በሳቅ ፈነዱ። እትዬ አስካለ «እሷ ዝም ብላ አንተ ታምጣለህ? የሷ አፍ የት ሄዶ ነው?» አሉ።

«እላዩ ላይ ተቀምጣችሁበት!»

እናቴ ክንዴን ያዘች። «ልጄ፣ አታዋርደኝ። ምጥ ቢሆን ትጮህ ነበር። ይሄ ገና ቁርጠት ነው። እኔ አንተን ስወልድ ጩኸቴ ገበያ ድረስ ነው የተሰማው።»

«ተንበርክከሽ አይደል የጮኽሽው እማዬ?»

እናቴ ክንዴን ለቀቀች። ሚስቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ ላቧ የአባቴን የክብር አንሶላ አርሶታል። አባቴ ከኋላ መጥቶ በኮሌታዬ ጎትቶ አወጣኝ። «ዓይን አውጣ! ሴቶቹ ከማያውቁት አንተ ልታውቅ ነው?» ብሎ ዝናብ ውስጥ ገተረኝ።

ስህተታቸው ይሄ ነበር። በነሱ ቤት ምጥ በጩኸት ነው የሚታወቀው፤ ያልጮኸች አላማጠችም። ባማቷ ፊት ድምፅ የማታሰማ ሴት ሞታ እንኳ እንደማትጮህ አንዳቸውም አላሰቡም። «ገና ነው፣ ንቅንቅ እንዳትዪ» እያሉ በጀርባዋ አስተኝተው ሲያዩዋት አረፈዱ። ቀትር ላይ ምሳ ደረሰ ተባለና ወደ አዳራሹ ሄዱ። የድስቱ ክዳን ሲከፈት፣ ጠላ ሲቀዳ፣ ሲሳሳቁ ይሰማል።

ያኔ የጓሮው በር ተከፈተ። ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ዝናቡ ይወርዳል። ሮጬ ክንዷን ያዝኩ።

«አትየኝ» አለችኝ።

እኔን! ፊቴን ወደ ባሕር ዛፎቹ አዙሬ፣ መንገዱን ሳላይ፣ ክንዷን ብቻ ይዤ በጭቃው አሻገርኳት። ብዙ መንገድ ሄጃለሁ፤ በቅሎ ገደል ገብቶብኝ ያውቃል፤ ከዚያ ከጓሮ በር እስከ ማድ ቤት የረዘመ መንገድ ግን አላየሁም።

እናቷ ተነሳች። ገረዶቹን አስወጣች፣ መሬቱ ላይ የኮባ ቅጠል አነጠፈች። ሚስቴ ምሰሶውን አቀፈችና ተንበረከከች። እናቷ ከኋላዋ ቁጭ ብላ ወገቧን ይዛ በጆሮዋ ማንሾካሾክ ስትጀምር እኔ በሩን ዘግቼ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ከዚያ ጮኸች። ካገባኋት ጀምሮ ያን ድምፅ ሰምቼው አላውቅም፤ ወፍራም፣ ሰፊ፣ የሷ የራሷ ድምፅ። አልፈራሁም፤ እንዲያውም ደስ አለኝ። «ጩሂ!» አልኳት በበሩ። ጮኸች። ብዙም አልቆየም።

ከዚያ ጸጥ አለ። የሕፃን ድምፅ ጠበቅኩ። ከጣራው ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

ሴቶቹ ጩኸቱን ሰምተው እጃቸው ወጥ እንደነካ እየሮጡ መጡ። ለእልልታ ተዘጋጅተው በሩ ላይ ቆሙ። በሩ ተከፈተ። የዳምቦያዋ እናቷ አንድ ነገር በነጠላ ጠቅልላ ይዛለች። ለኔ ብቻ፣ በቋንቋዋ፣ «ሴት ነበረች» አለችኝ። «መንገድ ላይ ብዙ አስቆሟት። ደክሟት ነው የመጣችው።»

እልል ያለ የለም። መጀመሪያ የተናገሩት እትዬ አስካለ ናቸው፦ «አልጋው ላይ ብትቆይ ኖሮ! መነሳቷ ነው ልጁን የገደለው። እንደ ከብት ማድ ቤት ሄዳ!» ሌሎቹም «እውነት ነው» አሉ። እናቴ አለቀሰች፤ ግን እሷም «እውነት ነው» አለች። ሚስቴ ውስጥ ሆና ሁሉንም ትሰማለች። አማቷ በሩ ላይ ናትና መልስ አልሰጠችም።

ልጅቷ ክርስትና አልተነሳችም ተብሎ ቤተ ክርስቲያን አልተቀበላትም። ከማድ ቤቱ ኋላ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ እኔና የዳምቦያዋ እናቷ ቀበርናት። ሌላ ሰው አልመጣም፤ ዝናብ ነበር። እናቷ ያዘለችውን ቡላ በቅቤና በወተት አብስላ ለሚስቴ በማንኪያ አጎረሰቻት። ዝናቡ ጋብ ሲል ሚስቴ «አሁን እሄዳለሁ» አለችኝ። በቅሎ ጭኜ ዳምቦያ አደረስኳት። የአገሯ ተራራ ሐምበሪቾ ደመናውን ገልጦ ብቅ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፤ በመንገዱ መሀል፣ በሙሉ ድምፅዋ። እኔ የበቅሎዋን ልጓም ይዤ ወደፊት ወደፊቱን አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ሆሳዕና አልረገጠችም። ልጆቻችንን የወለደቻቸው እዚያው ነው፤ ተንበርክካ፣ ምሰሶ አቅፋ፣ እየጮኸች፣ እናቷ ብቻ ከኋላዋ ሆና። ደህና ናቸው፤ አንዷማ ምላሷ የኔ ነው። እኔ ግን እንጀራዬ ሆሳዕና ገበያ ነው። ሳምንቱን በኪራይ ክፍል ብቻዬን አሳልፋለሁ፤ ቆጮዬን በዳጣ እየነካሁ ቆሜ እበላለሁ፤ ወሬዬን አጠራቅማለሁ። አሁን ደግሞ እኔ ነኝ ዳምቦያ ስደርስ እንደ ገንቦ የምደፋው። ሰው በሞላበት ከተማ የሚያወሩት ማጣት ምን እንደሆነ ከሷ ተማርኩ፤ ከየኔታ ከተማርኩት ይበልጥ የገባኝ እሱ ነው።

አልጋው ነው ልጄን የገደላት አልልም። ሐኪም አይደለሁም፤ የእግዜርን ሥራ የሚያውቅ እግዜር ነው። አልጋ ላይ ወልደው እቅፋቸውን የሞሉ ሴቶችም አሉ፤ እትዬ አንዷ ናቸው። አንድ ነገር ግን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሚስቴ የለመነችው ወርቅ አልነበረም፤ እንድትንበረከክና እንዳያዩዋት ነው።

እንግዲህ እትዬ አስካለ፣ ጥያቄውን የጀመሩት እርስዎ ነዎት፤ አሁን ተራው የኔ ነው። እርስዎም፣ እማዬም፣ አባባም፣ በግድግዳው ዙሪያ የተደረደራችሁት ሁሉ፦ አንድ ዝናብ እስኪያባራ ድረስ ፊታችሁን ብታዞሩላት ኖሮ ምን ይጎድልባችሁ ነበር?